ቦርከናን ቁልቁል፦ ከኩታበር እስከ ከሚሴ ያለ አስጎብኚ

ይህ ጉዞ ትኬት የለውም፤ ቢሮም የለውም፤ «ወንዙ በዚህ ነው» የሚል ታፔላም አታገኙበትም። ያለው አንድ ወንዝ፣ አምስት ከተማና ሲሞላ የሚነሳ ሚኒባስ ነው። ቦርከና ከኩታበር በኩል ካለው ደጋ ይነሳል፤ ደሴን አቋርጦ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ከዚያ በሐርቡ በኩል አልፎ ከሚሴ ዙሪያ ጨፋ ሜዳ ላይ ይንጣለልና በመጨረሻ አዋሽ ይገባል። መኪና መንገዱም ከሞላ ጎደል አብሮት ነው የሚወርደው። ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስትሆን ከሚሴ 1,450 አካባቢ ናት፤ ማታ ጋቢ ደርቦ ያደረ ሰው በማግስቱ ቀትር ላይ የዛፍ ጥላ ይፈልጋል።

ነጥብ ስጡ ከተባለ ከ10 ስድስት። የተቀነሰው አራት ነጥብ በአብዛኛው ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የጠፋ ነው። ሁለቱም ከተሞች ወንዙን ጓሮ አድርገውታል፤ ቤቱ ጀርባውን ሰጥቶታል፣ ቆሻሻው ወደ እሱ ይገፋል። ከኮምቦልቻ በታች ያለው ግማሽ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ስምንት ያገኝ ነበር።

አቅጣጫው ቁልቁል ይሁን። ከከሚሴ ጀምሮ ሽቅብ መውጣት ይቻላል፤ ግን ወንዙን ማንበብ ያስቸግራል። ከላይ ስትጀምሩ ወለሉ ላይ የምታዩት ሰው ብቻውን የማያነሳው ጥቁር ቋጥኝ ነው። ዝቅ እያላችሁ ስትሄዱ ድንጋዩ እየተንከባለለ ይደቦለቦላል፣ ያንሳል፤ ሐርቡ አካባቢ ጠጠርና አሸዋ ይሆናል፤ ጨፋ ላይ ጭቃ ብቻ ይቀራል። ምክንያቱ ዳገቱ ነው፦ ውሃው ፍጥነት ሲያጣ መጀመሪያ ትልቁን ሸክም ይጥላል፣ ደለሉን መጨረሻ ላይ። በየድልድዩ ላይ አምስት ደቂቃ ቆሞ ወደ ታች ማየት ይህን ያለ መምህር ያስተምራል። ሌላም የሚታይ አለ፦ ዳር ላይ ያሉ ቁጥቋጦዎች ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል። ከወለሉ ምን ያህል ከፍ እንዳለ በዓይናችሁ ለኩት፤ ያለፈው ክረምት ጎርፍ እዚያ ድረስ ነበር።

ሁለት ቀን ይበቃል። በአንድ ቀን እንጨርሳለን የሚሉ ሰዎች የሚሳሳቱት መንገዱን እያሰሉ ነው፤ ጊዜ የሚበላው መንገዱ ሳይሆን ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቁ ነው። በየከተማው ግማሽ ሰዓት ቢቃጠል አራት ከተማ ላይ ሁለት ሰዓት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከደሴ ወደ ኩታበር ውጡ፤ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ 4 ሰዓት ደሴ ተመለሱ፤ ቀኑን እዚያው ከዋላችሁ በኋላ 9 ሰዓት ላይ ወደ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ እደሩ። ሁለተኛው ቀን ደግሞ በማለዳ ሐርቡ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ከሚሴና ጨፋ። ማደሪያውን ኮምቦልቻ እንድታደርጉ የምንመክረው ሁለተኛውን ቀን ሙቀቱ ሳይበረታ ለመጀመር ስለሚያስችል ነው። ደሴ አድሮ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎ ቁልቁለት መውረድ ጥሩውን የማለዳ ሰዓት መንገድ ላይ ይጨርሰዋል።

ሚኒባስ አመራረጥ ላይ አንድ ስህተት ይደጋገማል። ከደሴ በቀጥታ ከሚሴ ወይም ከዚያ ወዲያ የሚሄድ መኪና ውስጥ ገብቶ ሐርቡ ላይ መውረድ የሚፈልግ ሰው የሙሉ መንገድ ሂሳብ ይጠየቃል፤ ድልድይ ላይ አቁሙልኝ ቢል ደግሞ ረዳቱ አይሰማውም። በአጭር በአጭሩ የሚመላለሱትን ያዙ፦ ደሴ–ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ–ሐርቡ፣ ሐርቡ–ከሚሴ። እነዚህ ላይ «ድልድዩ ጋ ወራጅ አለ» ማለት ብቻ ነው። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋውን ረዳቱን ሳይሆን አብሯችሁ የሚሳፈረውን ሰው ጠይቁ። ዝርዝር ብር ያዙ። ጋቢና ክፍት ከሆነ አትለፉት፤ ሐረጎ ላይ ከኋላ ወንበር የሚታየው የፊተኛው ሰው ማጅራት ነው። በየከተማው ውስጥ ባጃጅ ይበቃል። ለወንዝ ዳር ጉዞ ግን በየሰፈሩ ከመቀያየር ኮንትራት መያዝ ይሻላል፤ ስትደራደሩ «ደርሶ መልስ፣ ከመጠበቂያ ጋር» ብላችሁ ለይታችሁ ተናገሩ። መጠበቂያውን ያላነሳ ሰው ሲመለስ ክርክር ውስጥ ይገባል።

የስልክ ካርታ ከመነሳታችሁ በፊት አውርዱ፤ ገደል ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው፣ ኮምቦልቻ የሚባል ከተማ ሐረርጌም ውስጥ አለ፤ ስሙን ብቻ ጽፎ የፈለገ ሰው ካርታው ወደ ምሥራቅ ወስዶ ይጥለዋል። «ወሎ» ወይም «ደሴ» ጨምሩበት። ሁለተኛው፣ የቦርከናም የከሚሴም የኩታበርም የላቲን አጻጻፍ ወጥ አይደለም፤ በአንዱ ካጣችሁት አናባቢውን ለዋውጡ። ካርታው ላይ ወደ ወንዙ የሚወርድ ቀጭን መስመር ስታዩ ደግሞ መንገድ ነው ብላችሁ አትመኑ። የከብት መሄጃ ሊሆን ይችላል፤ ከብቱ የሚወርድበትን ሁሉ ሰው አይወርድበትም።

ኩታበር ለምን? ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ለዓይን የሚሆን ሐውልት ወይም ቤተ መዘክር ፍለጋ ከሆነ አትድከሙ። የምትወጡት ለውሃው መለያያ ነው። ከዚህ ከፍታ በአንድ በኩል የሚወርደው ዝናብ የበሽሎን ወንዝ ይዞ አባይ ይገባል፣ ከዚያ ሱዳንና ግብጽን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በሌላው በኩል የሚወርደው ቦርከና ሆኖ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። አጎራባች ማሳ ላይ የወረደ አንድ ካፊያ እንዲህ ይለያያል። ጠዋት ጉሙ ሳይነሳ ከደረሳችሁ አንድ ሰዓት ጠብቁ፤ ጉም ውስጥ የውሃ መለያያም ሆነ የጎረቤት አጥር አይታይም። ጊዜ የተረፈው ሰው ከደሴ በስተሰሜን ያለውን ቦሩ ሜዳን ይጨምር፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበት ሜዳ ነው።

ደሴ ላይ ወንዙ ከተማውን ቢያቋርጥም ሰው የሚያየው ድልድይ ሲሻገር ብቻ ነው፤ አፍንጫውን ይዞ። ዳሩን ተከትሎ መሄድ አይመከርም። ከቆሻሻው በተጨማሪ የደሴ ተዳፋት አፈር የሚንሸራተት ነው፤ ከተማው በመሬት መንሸራተት ተደጋግሞ ተጎድቷል፣ የተቦረቦረ የወንዝ ዳር ደግሞ ከላይ ጠንካራ መስሎ ከሥር ባዶ ይሆናል። ከከተማው ጎን የቆመውን የጦሳ ተራራ ከአንድ ድልድይ ላይ ሆናችሁ ተመልከቱና ወደ ታሪኩ እለፉ። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ አይጠየፍ መታየት አለበት፤ ስሙ ራሱ የግብር ድግሱ ማንንም እንደማይጠየፍ ይናገራል። የደሴ ሙዚየም የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም ጦርነት ዘረፋና ጉዳት ስለደረሰበት የቆዩ ጽሑፎች ላይ የተዘረዘረውን ሁሉ አገኛለሁ ብላችሁ አትሂዱ፤ የምሳ ሰዓትም አስሉ፤ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ተኩል በር ላይ የሚቆም ሰው ብዙ ነው። ደሴ በኅዳር 1928 ዓ.ም በጣሊያን አውሮፕላኖች ስትደበደብ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ ይህን ይዞ የከተማውን ተዳፋት ማየት ሌላ ዓይን ይሰጣል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ሐረጎ ነው። ወንዙ ከደሴ የሚወጣው ዶሮ መዝለያ በሚባል ጠባብ ገደል ነው፤ ስሙን ሰምቶ ስፋቱን መገመት ይቻላል። ለፎቶ የሚያጓጓ ቦታ ነው፣ ለእግር ግን አይደለም። እዚህ የሚያስፈራው ገደሉ ብቻ አይደለም፤ ደራሽ ውሃ ነው። እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ እያለ ደሴ ላይ ቢዘንብ ከከተማው ጣሪያና አስፋልት የተሰበሰበው ጎርፍ ጠባቡ ላይ ተጨናንቆ ይመጣል። ውሃው በድንገት ሲደፈርስ፣ ቅጠልና ፌስታል ሲያመጣ፣ ወይም ከላይ እንደ መኪና ድምፅ ያለ ጉርምርምታ ስትሰሙ ጫማ ፍለጋ አትዘግዩ፣ ዳገቱን ያዙ። በየካቲትና በመጋቢት የበልግ ዝናብም ይህን ያደርጋል፤ በጋ ነው ብሎ መዘናጋት የለም። ሐረጎን በእግር እንወርዳለን ለሚሉም፦ የእግረኛ መሄጃ የለውም፣ በጠመዝማዛው ላይ የሚወርዱት ከባድ መኪናዎች ፍሬናቸው የሞቀ ነው። በመኪና ውረዱት።

ኮምቦልቻ ላይ ቅር የሚያሰኘው ነገር ከርቀት አይታይም። ከተማዋ ጽዱና ሰፊ ናት፣ አየሩ ከደሴ ይለዝባል፣ ባጃጁ ሜዳ ላይ ይበራል። ግን ሌዮሌና ወርካ የሚባሉት ገባር ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክመው ቦርከናን ይቀላቀላሉ፤ ይህ በተመራማሪዎች ተደጋግሞ የተጠና ነው። የሚታየው ቀለምና አረፋ ነው፤ የማይታየው ብረታ ብረቱ ነው። ቆዳ ለማልፋት የሚውለው ክሮም ለምሳሌ ሽታም ቀለምም ሳያሳይ ደለሉ ውስጥ ይተኛል። ለጎብኚ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ከገባሮቹ መቀላቀያ በታች ውሃውን አትንኩ፣ በወንዙ የለማ ጎመንና ሰላጣ ጥሬውን አትብሉ። ማጠብ ጀርሙን እንጂ ብረቱን አያወጣም። ውሃው ሲጎድል፣ ማለትም ከጥር ወዲህ፣ የሚያቀጥነው ስለሌለ ይብሳል። የሁለቱን ውሃ ልዩነት ማየት የሚፈልግ ሰው ከመቀላቀያው በላይና በታች ያሉትን ሁለት ድልድዮች በባጃጅ ኮንትራት ያወዳድር፤ አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ከከተማው ጉብኝት ሁሉ የሚበልጠውም ይህ ነው። ፎቶ ስታነሱ ግን ፋብሪካ በር፣ ኬላ፣ ወታደርና ድልድይ ጠባቂ ላይ ካሜራ አታነጣጥሩ።

ሐርቡ የጉዞው ምርጥ ክፍል ነው። ከኮምቦልቻ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ሸለቆው ይከፈታል፣ ተራራው ወደ ሁለት ይሸሻል። ካርታ ገልጦ ያየ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል፦ ቦርከና አፋር ቅርቡ ሆኖ ሳለ ለምን በቀጥታ ወደ ምሥራቅ አይወርድም? ወደ ደቡብ የሚሄደው መሬቱ ተሰንጥቆ መካከሉ ስለሰመጠ ነው። የቦርከና ሸለቆ በአፋር ስምጥ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ያለ ስምጥ ነው፤ ምሥራቁን የሚዘጋው ኮረብታ ሳይሰምጥ የቀረው ጎን ነው። ይህ መሬት ገና አልተኛም። በ1953 ዓ.ም በዚሁ መስመር ደቡብ ጫፍ ካራቆሬና ማጀቴ አካባቢ የደረሰው ርዕደ መሬት ማጀቴን አፍርሷል። በሐርቡ አካባቢ ያሉት ፍል ውሃዎችም የዚሁ ስንጥቅ ልጆች ናቸው፤ ጥልቅ የገባ ዝናብ ሞቆ በስንጥቁ ይመለሳል።

ፍል ውሃ የምትገቡ ከሆነ የወንድና የሴት ተራውን ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሳይጠይቅ ዘው ያለ ሰው ጸብ አያጣም። ውሃውን በእግር ጣት ሳይሆን በጣሳ ቀድታችሁ ሞክሩ፤ ምንጩ አጠገብና ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው ሙቀት አይገናኝም። ከ15 ደቂቃ በላይ አትቆዩ፣ ከወጣችሁ በኋላ ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጡ። ሙቀት ባለበት አገር ላይ ሙቅ ውሃ ራስ ያዞራል። በአካባቢው ትልልቆቹን «አባባ»፣ «እማማ»፣ ሃይማኖታዊ ሰው ከሆኑ «ሼህ» ብላችሁ ጥሩ፤ መንገድ ከመጠየቃችሁ በፊት ሰላምታው ይቅደም። «አብሽሩ» ካሏችሁ ጉዳዩ ተይዟል ማለት ነው።

ወደ ከሚሴ ስትቀርቡ ወንዙ ወንዝነቱ ይቀንሳል፤ ሜዳው ላይ ተበትኖ ሸምበቆና ረግረግ ይሆናል። ጨፋ ይህ ነው። በበጋ ሌላው ሲደርቅ እዚህ ሣር ስለሚኖር የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብትና ግመል ይዘው ይመጣሉ፤ በዚያ ወቅት የሚታየው መንጋ ብቻውን ጉዞውን ያዋጣል። ከመንገድ ወጥታችሁ ወደ ግጦሹ ስትገቡ የአካባቢውን ሰው ይዛችሁ ግቡ። ግጦሽ የይዞታ ጉዳይ ነው፤ እንግዳ ሰው ካሜራ ይዞ መንጋ መሃል ሲቆም በበጎ አይታይም። ረግረጉ ላይ ደግሞ ከላይ የደረቀ የሚመስለው ቅርፊት ጉልበት ድረስ ያሰምጣል፤ ከብት የረገጠበትን ዱካ ሳትለቁ ሂዱ። ከሚሴ ላይ አፋን ኦሮሞ ነው የሚሰማው፤ «አካም» ብሎ መጀመር በር ይከፍታል። ለታሪክ ወዳድ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ሾንኬ አለ፤ ኮረብታ ላይ የተደረደሩ የድንጋይ ቤቶች ያሉበት ጥንታዊ የአርጎባ መንደር ነው። ከወንዙ ርቆ ወደ ላይ የሚያስወጣ ስለሆነ በሁለቱ ቀን ውስጥ አታስገቡት፤ ሦስተኛ ቀን ይገባዋል።

ጊዜውስ? ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር። ውሃው ገና አልጎደለም፣ ቆሻሻውን ጎርፉ ጠርጎታል፣ ጤፉና ማሽላው ማሳ ላይ ነው። ጉዳቱ ወባ ነው፤ ከዝናብ በኋላ ያለው ይህ ወቅት ከኮምቦልቻ ጀምሮ ወደ ታች የወባ ወቅት ነው። እጅጌ ረጅም ልብስ፣ አጎበር ያለው አልጋ፣ ቅባት ያዙ፤ ከጉዞው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ «ብርድ ነው» ሳትሉ ደም ተመርመሩ። ወንዙ ውስጥ በባዶ እግር መግባት ደግሞ በየትኛውም ወቅት ይቅር፤ ሐርቡና ከሚሴ አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው፤ ቁስል አይፈልግም፣ ውሃውም ንጹህ መስሎ ይታያል። ሰኔ አጋማሽ ገብቶ ነሐሴ እስኪወጣ ጉዞውን ተዉት፤ ሐረጎ በጉም ይሸፈናል፣ ዳር ዳሩ ይናዳል።

የመንገዱን ሰላም በዚያው ቀን ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ ካለፈው ሳምንት የሰማችሁት አይሠራም። መታወቂያ ኪስ ውስጥ ይኑር፣ ኬላ ላይ መኪናው ሲቆም ስልክ አታውጡ። አርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሐርቡና ከሚሴ ላይ ሱቁም ሚኒባሱም ይቀዘቅዛል፤ ጁምዓ ነው። በረመዳን ቀን ምግብ ቤት ስለማይገኝ ስንቅ ከኮምቦልቻ ያዙ፤ ሰው ፊት አትብሉ። በአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ ለሁለተኛው ቀን ብቻ ነው፤ ባዶ ሃይላንዱን ይዛችሁ ተመለሱ፣ ወንዙ የጠገበው እሱን ነው።

ሐይቅ ከተማ፣ የማይባር ሐይቅና ባቲ በዚህ ጉዞ ውስጥ ይግቡ ወይ የሚል ጥያቄ አይቀርም። ሐይቅ ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሰሜን ነው፤ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዓ ነው፣ ሴቶች አይገቡበትም፤ ለብቻው አንድ ቀን ስጡት። ማይባር ግን የቦርከና ወገን ነው፤ ውሃው ወደ እሱ ይወርዳል፣ በ1970ዎቹ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተቋቋመበት ተፋሰስ ነው፤ እርከኑን አይቶ ከዚያ የቦርከናን ቡናማ ጎርፍ ያየ ሰው ሁለቱን ያገናኛል። ባቲ ሰኞ ገበያዋ ነው፤ ከኮምቦልቻ 41 ኪሎ ሜትር። የሁለተኛው ቀን ጉዞ እሑድ ከዋለ ማታ ከከሚሴ ወደ ኮምቦልቻ ተመልሳችሁ ሰኞ ጠዋት ባቲ ግቡ። ለዚያ ግን ከከሚሴ ከ10 ሰዓት በፊት ተነሱ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሚኒባስ እስኪሞላ ብዙ ያስጠብቃል፣ ሲሞላም ጨልሟል።